ከጎንደር ተነስቶ ባሕር ለሚጠልቅ፦ ከትንፋሽ በፊት ጆሮ

ትንፋሽ ይዞ መጥለቅን መማር የሚፈልግ ሰው ክለባችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ደቂቃ መያዝ ይቻላል?» ብሎ ነው። ከደጋ ወርዶ ቀይ ባሕር የሚደርስ ጀማሪን ግን አሥር ሜትር ሳይሞላ የሚያስመልሰው ትንፋሽ ማጣት አይደለም፤ ጆሮ ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ ሁለት ደቂቃ ተኩል የሚይዝ ሰው ስድስት ሜትር ላይ ጆሮው እንቢ ብሎት ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። ለቪዛ፣ ለአውሮፕላንና ለማረፊያ የወጣው ገንዘብ እዚያው ስድስት ሜትር ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሰው ለጉዞ ሲመዘገብ የምንጠይቀው ስለ ጆሮው ነው። ደግነቱ ጆሮን ለማሠልጠን ውሃ አያስፈልግም፤ ጎንደር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል።

ውሃ ውስጥ በየአሥር ሜትሩ አንድ ባር (ባሕር ጠረፍ ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል) ግፊት ይጨመራል። ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ያለው አየር ሲጨመቅ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መሃል ጆሮ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ተከፍቶ አየር ካላስገባ፣ ሁለት ሜትር ላይ ጆሮ ይጨነቃል፣ አራትና አምስት ሜትር ላይ ያማል፣ ሕመሙን ችሎ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ታምቡሩን ሊቀድ ይችላል። በተቀደደው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ከባድ ማዞር ይመጣል፤ ሰውየው የላዩንና የታቹን መለየት ያቅተዋል።

አፍንጫን ይዞ ከደረት መግፋት፣ አውሮፕላን ሲወርድ ሁሉም የሚያደርገው ማለት ነው፣ ቀና ብሎ ለተቀመጠ ሰው ይሠራል። ተዘቅዝቆ ለሚወርድ ግን አያዛልቅም። ሆድና ደረት ሲገፉ መላ ሰውነት ይወጠራል፣ ኦክስጅንም ይባክናል። በዚያ ላይ ጥልቀቱ ሲጨምር ሳንባ ስለሚጨመቅ አየሩን ከደረት ወደ አፍ ማምጣት እየከበደ ይሄዳል። ፍሬንዝል የሚባለው ዘዴ ደረትን ከሥራው ያስወጣዋል፤ የሚገፋው ምላስ ብቻ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። መስታወት ፊት ተቀመጡ። አንድ እጃችሁ አፍንጫችሁን ይያዝ፣ ሌላው እምብርታችሁ ላይ ይረፍ። ጉንጫችሁን በአየር ሙሉና ከባድ ጆንያ ልታነሱ ስትሉ እንደምታደርጉት ጉሮሯችሁን ዝጉ። አሁን አፍ ውስጥ ያለው አየር ከሳንባ ተለይቷል። የምላሳችሁን ጫፍ «ት» እንደሚባል ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ለጥፉ፤ ከዚያ የምላሱን ጀርባ «ክ» እንደሚባል ወደ ላይና ወደ ኋላ ግፉት። በትክክል ከተሠራ የአፍንጫችሁ ክንፎች በጣቶቻችሁ መሃል ነፋ ይላሉ፣ ሁለቱም ጆሮዎች «ጠቅ» ይላሉ፣ እምብርት ላይ ያለው እጅ ግን አይነቃነቅም። ሆድ ከተነቃነቀ አሁንም የምትገፉት በደረት ነው። ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ትንፋሻችሁን ሙልጭ አድርጋችሁ አስወጡና አፍ ውስጥ በቀረችው አየር ብቻ ሞክሩ። ሦስት አራት ጊዜ ጠቅ ካለ ፍሬንዝሉ ተገኝቷል።

አንዳንዱ በአንድ ምሽት ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ሳምንታት ይወስድበታል፤ ይህ ከጉብዝና ጋር አይገናኝም። አፍንጫና አፍን የሚለየው ለስላሳ ላንቃ ሲዘጋባቸው አየሩ ወደ ጆሮ መንገድ የሚያጣባቸው ብዙ ናቸው። ለእነሱ የልጆች ፊኛ አፉ ላይ አጭር ቱቦ አስሮ በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ መንፋት ይረዳል፤ ያኔም ደረት ሳይሆን ምላስ ይንፋው። አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል። ጆሮው መቁሰል ከጀመረ አንድ ቀን ይረፍ። ቀና ብሎ ሲሳካ ከአልጋ ጠርዝ ላይ ራስን ቁልቁል አንጠልጥሎ መድገም ግድ ነው። ተቀምጦ የሠራለት ሰው ሲዘቀዘቅ ላንቃው ሊዘጋበት ይችላልና፣ ይህን የምንጠልቅባት የግብፅ ቀይ ባሕር ዳር ከተማ ዳሃብ ደርሶ ከማወቅ እዚህ ማወቅ ይሻላል።

ውሃ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው የጆሮ ማስተካከያ፣ ማለትም ፍሬንዝሉ፣ ገና ሳይዘቀዘቁ ይደረጋል። ከዚያ እስከ 10 ሜትር በየሜትሩ፣ ጆሮ ከመጨነቁ በፊት። ሕመም ከተሰማ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። አንገትን ቀና አድርጎ ታች ያለውን ማየት ትልቁ ስህተት ነው፤ ጉሮሮና ቱቦዎቹ ይወጠሩና አየር አያሳልፉም። አገጭ ወደ ደረት ተጠግቶ ዓይን ከተንሳፋፊው ወደ ታች የተዘረጋውን፣ ፊት ለፊት ያለውን ገመድ ብቻ ይይ። ጆሮ እንቢ ካለ ገመዱን ይዞ ማቆም፣ አንድ ሜትር መውጣት፣ አንድ ጊዜ መሞከር፤ ካልሆነ መመለስ።

በበጋ የጎንደር አቧራ፣ በጥር ብርዱ፣ አፍንጫ የማይዘጋበት ሰው ጥቂት ነው። በጉንፋን ጊዜ አይጠለቅም፤ በዚህ አንደራደርም። የአፍንጫ መክፈቻ መድኃኒት ወስዶ መግባት ደግሞ ከጉንፋኑ ይብሳል። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ሳሉ ኃይሉን ከጨረሰ፣ ሲወርዱ የገባው አየር ሲወጡ መውጫ ያጣል። ሲወርድ ያመመው ሰው መመለስ ይችላል፤ ሲወጣ ያመመው ግን ትንፋሹ እያለቀ የሚሄድበት የለውም።

አሁን ስለ ከፍታው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 78 በመቶ ያህል ነው። የኦክስጅን ድርሻው የትም ቢሆን 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር ግን አንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ የተለካ ደቂቃ ባሕር ላይ ከሚገኘው ማጠሩ ከዚህ የመጣ ነው። «የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ባሕር ላይ ይበረታል» የሚለውን ወሬ ግን አትመኑበት። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት እዚሁ ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ ሂሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ ሆኖ አግኝቶታል። ድንቅ ነገር ነው፤ ለጠላቂ ግን የተቀመጠ ትርፍ ኦክስጅን የለም።

ከፍታ አደጋ የሚሆነው የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። ሳንባ ውስጥ ከቀረው አየር 8 በመቶው ኦክስጅን ነው እንበል። ባሕር ላይ 10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ 2 ባር ስለሆነ የኦክስጅኑ ግፊት 0.16 ባር ነው፤ ገጹ ላይ ሲደርስ 0.08 ይሆናል። ጣና 1,785 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነ የገጹ ግፊት 0.81 ባር ገደማ ነው። ያው ሰው ያንኑ 8 በመቶ ይዞ 10 ሜትር ላይ 0.145፣ ገጹ ላይ ደግሞ 0.065 ባር ብቻ ይቀርለታል። ታች ሳለ ደህና ነኝ ያለ ሰው ሲወጣ ራሱን የሚስተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደጋ ሐይቅ ላይ ደግሞ ውድቀቱ ይብሳል። በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ የትንፋሽ ጊዜን ከባሕሩ አሳጥረን የምንይዘው ለዚህ ነው። ሰሜን ተራሮች ለእግርና ለልብ ጥሩ ልምምድ ናቸው፤ ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ላይ ሆኖ ትንፋሽ መያዝን ግን አንመክርም።

ከመጥለቅ በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል መተንፈስ ኦክስጅን አይጨምርም። የሚያደርገው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማጠብ ነው። «ተንፍስ» እያለ የሚጎተጉተን ኦክስጅን ማጣት ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ስለሆነ፣ የታጠበለት ሰው ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ ራሱን ይስታል። ሁለት ደቂቃ በተለመደው ፍጥነት ተንፍሶ አንድ ሙሉ ትንፋሽ መውሰድ በቂ ነው። ጣት ከነዘረ ወይም ራስ ከቀለለ ያን ዙር ትቶ እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል።

የቤት ልምምዱ ሁለት ሠንጠረዥ አለው። የካርቦኑ ሠንጠረዥ ስምንት ዙር ነው፤ የምትይዙት ጊዜ ከምርጣችሁ ግማሽ ሆኖ አይለወጥም፣ እረፍቱ ግን ከ2 ደቂቃ ጀምሮ በየዙሩ 15 ሰከንድ እየቀነሰ 15 ሰከንድ ላይ ያልቃል። የኦክስጅኑ ሠንጠረዥ ተቃራኒው ነው፤ እረፍቱ 2 ደቂቃ ሆኖ ሳይለወጥ የመያዣው ጊዜ እያደገ እስከ ምርጣችሁ 80 በመቶ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሥሩ። አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ እንጂ ቆሞ፣ መኪና እየነዱ ወይም ገንዳ ውስጥ ብቻን ሆኖ አይሠራም። ሆድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጨረሻው አይደለም፤ ካርቦኑ ነው የሚናገረው። ዓይን መጥበብ ወይም ጆሮ ውስጥ ጭው ማለት ከመጣ ግን መተንፈስ።

የሆቴል ገንዳ ስታገኙ ርዝመቱን በሜትር ለኩ፤ «25 ነው» የተባለው 18 ሊሆን ይችላል። የገንዳውን ጠባቂ አስቀድማችሁ አነጋግሩት፤ ካልሆነ የማይንቀሳቀስ ሰው ሲያይ ዘሎ ይገባል፤ እውነትም አለው። አንድ ሰው ሲጠልቅ አንድ ሰው ያያል፤ የሚያየውን ጓደኛ ጠባቂ እንለዋለን፣ ስልክም አይነካም። ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ለሚይዝ ሰው ጠባቂው በተስማሙበት ሰዓት ትከሻውን ይነካዋል፣ እሱም ጣቱን አንስቶ ይመልሳል። ጣት ካልተነሳ አንዴ ደግሞ መንካት፤ አሁንም ካልመለሰ ማውጣት። ራሱን የሳተን ሰው አፍና አፍንጫው ከውሃ በላይ ይያዝ፣ ማስኩ ይውለቅ፣ ዓይኑ ሥር እፍ ይባልበት፣ ጉንጩን መታ መታ እያደረጉ በስሙ «ተንፍስ!» ይባል። ብዙው በዚህ ይነቃል። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ ካልተነፈሰ ሁለት የማዳኛ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ በፍጥነት ከውሃ ይወጣል። የነቃ ሰው ምንም ደህና ነኝ ቢል የዚያን ቀን ተመልሶ አይገባም። የፋሲል መዋኛ በጥምቀት ሲሞላ «እዚያ ብንለማመድስ?» የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ ጸበል ነው፣ ሕዝብም ይዘልበታል፣ ቦታው ለዚህ አይሆንም።

ጎርጎራ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ጣና ያጓጓል። ነገር ግን ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከፍተኛው ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃውም ደፍራሳ ነው፤ የዘረጋችሁትን እጅ ጣት ማየት የሚያቅትባቸው ቀናት አሉ። የእኛ ደንብ አጭር ነው፤ ጠባቂው ጠላቂውን ማየት ካልቻለ ልምምዱ ዋና ብቻ ይሁን። ደንገልና ቄጤማ ባለበት ዳር ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ስላሉ ከጀልባ ላይ፣ ከዳር ርቆ መግባት ይሻላል። እንደወጡ ወዲያው በፎጣ መድረቅ አደጋውን ሊቀንስ ይችላል፤ ሙሉ መከላከያ ግን አይደለም። ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ቢደረግ ነው ውጤቱ የሚታመነው፤ ከተገኘ በፕራዚኳንቴል ይታከማል። ወንዝ በሚገባበት አካባቢ፣ በተለይ ንጋትና ምሽት ላይ፣ ጉማሬ አለና ታንኳ ቀዛፊዎቹን ሳትጠይቁ አትግቡ። የመንገዱን ሁኔታም በዚያው ሳምንት ከሚመላለሱ ሾፌሮች አጣሩ። ጥልቀት ለሚፈልግ አገር ውስጥ የተሻሉት የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው፤ ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያም ታች ጨለማ ስለሆነ ገመድ እየሳቡ መውረድ ብቻ እንጂ እግር ላይ በሚጠለቀው ክንፍ መቅዘፍ አንፈቅድም።

ለሐይቅ፣ ገመዱ የሚታሰርበትን ተንሳፋፊ መግዛት አያስፈልግም። የአይሱዙ ካላማዳሪያ፣ ጎሚስታ ቤት ተለጥፎና ተፈትሾ፣ አንድ የሚያርፍ ጠላቂና አንድ ጠባቂ ይችላል። የመንፊያው ብረት ሆድ እንዳይቧጭር በጨርቅ ይጠቅለል። ገመዱ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ የማይለጠጥ ይሁን፤ በየ5 ሜትሩ በቀለም ምልክት ይደረግበት። ለታች ክብደት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በሲሚንቶና ጠጠር ሞልታችሁ መያዣው በሚገባ እንዲጠነክር አድርጉ። አየር ላይ 11 ወይም 12 ኪሎ ይመዝናል፣ ውሃ ውስጥ ግን ወደ 7 ኪሎ ይወርዳል፤ ገመዱን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ይበቃል። አሸዋ የሞላችሁበት እንደሆነ 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሚቀር ነፋስ ባለበት ቀን ገመዱ ይጋደማል፤ የተጋደመ ገመድ ደግሞ ጥልቀቱን ያሳስታል። ለመስመጥ እንዲረዳ ወገብ ላይ ለሚታሰረው የእርሳስ ክብደት ግን በእጅ የተሠራ ማሰሪያ አይሆንም፤ በአንድ እጅ ስቦ የሚፈታ የጎማ ቀበቶ ግዙ። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ማቅለጥም ጢሱ መርዝ ስለሆነ ይቅር።

ወደ ባሕር የሚኬደው ብዙ ጊዜ በአዲስ አበባና ካይሮ በኩል ሻርም አል ሼክ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ በመኪና ዳሃብ ነው። ቪዛው አስቀድሞ ይያዝ፣ የቢጫ ወባ ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን። ረጅሙ ክንፍ ከተራ ሻንጣ ስለሚተርፍ ምላጩን ከጫማው ፈትታችሁ በዌትሱቱ፣ ሙቀት በሚጠብቀው የጎማ ልብስ፣ ጠቅልሉት። እርሳስ አትጫኑ፤ እዚያ ይከራያል። ዌትሱት ለክረምታቸው 5፣ ለበጋቸው 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የዳሃቡ ብሉ ሆል ከዳር ጥቂት ቀዝፎ የሚገባበት፣ ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ጉድጓድ ነው። 55 ሜትር አካባቢ ወደ ውጭው ባሕር የሚያሳልፈው ቅስት ብዙ ሕይወት የወሰደ ነውና ጀማሪን አይመለከትም።

ከጎንደር የሄደን ሰው እዚያ የሚያስገርመው ጨው ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከገንዳ ወደ ቀይ ባሕር ሲሄድ 2 ኪሎ ገደማ ተጨማሪ እርሳስ ካልያዘ መዘቅዘቁ አምሮ የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች ግን በከንቱ ሲቀዝፍ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ያን ፈርቶ ከመጠን በላይ የሚጭን ደግሞ ሲወጣ ይከፍለዋል። መለኪያው 10 ሜትር ላይ አለመስመጥም አለመንሳፈፍም ነው። ገጹ ላይ ደግሞ ትንፋሽን በዘና ማስወጣት ብቻውን ሰውን ማስመጥ የለበትም። በመጥለቆች መሃል ያለው እረፍት ቢያንስ የመጥለቁ ጊዜ እጥፍ ይሁን።

ምግብ ከጥልቀት ጋር ይጣላል። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ መዘቅዘቅ ቃር ያመጣል፤ ጉሮሮ ሲቃጠል ፍሬንዝሉም ይበላሻል። ከከባድ ምግብ በኋላ ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ። ቡና ልብን ስለሚያፈጥን ከጥልቀቱ በኋላ ይጠጣ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ አባል የጆሮ ልምምዱን ይሥራ፤ ውሃ ያልጠጣን ሰው ግን ወደ ጥልቀት አንልክም።

ውድድር መግባት ለሚያስቡ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የትንፋሽ ይዞ መጥለቅ ማኅበር፣ አይዳ፣ በሚዳኛቸው ውድድሮች ጥልቀቱን አስቀድማችሁ ታስታውቃላችሁ፤ ጠልቃችሁ ከታች ምልክቱን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንድ ሜትር አንድ ነጥብ ነው። ብዙ አዲስ ተወዳዳሪ ቀይ ካርድ የሚያየው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በ15 ሰከንድ ውስጥ ፊት ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ማውለቅ፣ በእጅ የኦኬ ምልክት ማሳየት፣ «አይ አም ኦኬ» ማለት፤ ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ ወይም አፍ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ከገባ ጥልቀቱ ሁሉ ባዶ ነው። ስለዚህ ገንዳ ውስጥም፣ ሐይቅ ላይም፣ እያንዳንዱ መጥለቅ በዚህ ሥርዓት እንዲያልቅ እናደርጋለን። ገመድ ይዞ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አየሩን ሙልጭ አድርገው ሳያስወጡ ትንሽ እየነፉ ብዙ እየሳቡ ተንፍሶ፣ ከዚያ ማስክ፣ ምልክት፣ ቃል። ደክሞ አእምሮ ሲዘገይ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

የመመለሻው ትኬት ሲቆረጥ የመጨረሻው ሙሉ ቀን ደረቅ ይሁን። ደጋግሞ ከጠለቁ በኋላ ወዲያው ከተበረረ በደም የተያዘው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊያስቸግር ይችላል፤ ለጎንደር ሰው ደግሞ አውሮፕላኑ ሲያርፍም መሬቱ ራሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ያ ቀን ዌትሱቱን በጨው አልባ ውሃ ለማጠብና በጥላ ለማድረቅ ይበቃል። ጆሮው የሞላ ወይም የደፈነ የመሰለው ሰው በአፍንጫው እየገፋ አውሮፕላን ውስጥ እንዳይጨነቅ፣ ሳይሳፈር ሐኪም ታምቡሩን ይይለት።